የጎደለን ካርድ ሳይሆን ስክሪን ነው

ሰሞኑን በትምህርት ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ለሕትመት ላብ የሚሆን ጥቂት በጀት ስለተገኘ ምን ቢገዛበት ይሻላል ተብሎ የተማሪው ሐሳብ ተጠይቆ ነበር። ካነጋገርኳቸው ልጆች አብዛኞቹ የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይገዛልን»። ለምን ሲባሉ ደግሞ «አሁን ያሉት ግራፊክስ የላቸውም፣ ትልቅ ስክሪን አይሸከሙም» ይላሉ። ይህንን አባባል ከመምህራንም አፍ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን አልስማማም። ላባችን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ትልቅና ጥርት ያለ ስክሪን መሸከም ይችላሉ። ስለዚህ ያቺ ጥቂት ገንዘብ መዋል ያለባት ለስክሪንና ለትክክለኛ ገመድ ነው ባይ ነኝ። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የምንሠራውን ገጽ የምናየው በዚሁ ዕቃ አይደል እንዴ? እንዴት አያገባንም!

እስቲ ከሥራችን እንጀምር። በሁለተኛ ዓመት የገጽ ቅንብር እንማራለን። የልምምድ ጋዜጣችን አንድ ገጽ ኤ3 ነው፤ ቁመቱ 420 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 16 ኢንች ተኩል ነው። የላባችን ሞኒተሮች ደግሞ ባለ 18.5 ኢንች ሆነው ወደ ጎን 1366፣ ወደ ታች 768 ፒክስል አላቸው። ከ768ቱ ላይ የፕሮግራሙ ሜኑ፣ የመሣሪያዎቹ ረድፍና የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ድርሻቸውን ሲወስዱ ለገጹ የሚተርፈው 600 ያህል ነው። 600ን ለ16.5 ስናካፍል ለአንድ ኢንች 36 ፒክስል ይደርሳል። በ10 ፖይንት የተጻፈ ፊደል ደግሞ ቁመቱ አንድ ኢንች ለ72 ተከፍሎ አሥሩ እጅ ነው። እንግዲህ ገጹን ሙሉውን ባንድ ጊዜ ማየት የፈለገ ተማሪ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ወደ ታች 5 ፒክስል ነው ማለት ነው። አምስት ነጠብጣብ!

የላቲን ፊደል በአምስት ነጠብጣብ እንደምንም ይለያል። የእኛ ፊደል ግን አይለይም። ለ ከሉ፣ በ ከቡ፣ ቀ ከቁ የሚለዩት ከጎን በምትወጣ አንዲት ጭረት ነው፤ አምስት ነጠብጣብ ላይ ያቺ ጭረት ቦታ የላትም። ያቺ ጭረት በዜና ውስጥ ምን እንደምትሠራ ሁላችንም እናውቃለን። «ከንቲባው ፕሮጀክቱን መረቁ» ተብሎ የተጻፈው «ከንቲባው ፕሮጀክቱን መረቀ» ሆኖ ሲወጣ አንቱ የተባሉት ሰው አንተ ሆነው አደሩ። የፊደል አራሚ ፕሮግራም ቢኖር እንኳ አይዘውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና። የሚይዘው የሰው ዓይን ብቻ ነው። ዓይን የሚይዘው ደግሞ ሲያይ ነው።

«ዙም አድርገህ አንብበዋ!» ይባላል። እናደርጋለን እንጂ! ቀኑን ሙሉ የምንሠራው እሱን ነው። ዙም ስናደርግ ፊደሉ ይመጣና ገጹ ይሄዳል። ርዕሱ ከፎቶው ጋር መናበቡን፣ ሁለተኛው ዓምድ ከሦስተኛው ጋር እኩል ማለቁን፣ የፎቶ መግለጫው በሌላ ፎቶ ሥር አለመግባቱን ለማየት እንደገና ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ተመልሰን ያየነውን ለማስተካከል ደግሞ እንደገና መቅረብ። በመጨረሻ የሚደረገው ምንድነው? ፕሪንት አውጥቶ በወረቀት ማረም ነው። ቶነር ያለ ቀን ማለቴ ነው። ቶነር በሌለ ቀን ገጹ ሳይነበብ ይገባል፣ መምህሩም ሳይነበብ የገባውን ገጽ ያርማሉ፣ ማርካችንም እንደዚያው።

ያንኑ ገጽ አሁን 3840 በ2160 ፒክስል ባለው፣ በተለምዶ ፎርኬ በሚባለው ስክሪን ላይ እናምጣው። የሜኑውና የረድፉ ሁሉ ተቀንሶ ለገጹ 1950 ያህል ፒክስል ቢተርፈው፣ ለአንድ ኢንች 118 ይደርሳል፤ ለ10 ፖይንት ፊደል ደግሞ 16 ፒክስል። ቀ እና ቁ በደንብ ይለያሉ። መካከለኛው፣ 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን ሰባት ተኩል ገደማ ይሰጣል፤ ለርዕስና ለንዑስ ርዕስ ይበቃል፣ ለዜናው አካል ግን አይበቃም። እንግዲህ ትልቅ ስክሪን ስል ፊልም ለማየት ያማረኝ የሚመስለው ካለ ይህንን ሒሳብ ራሱ ይሥራው።

ለአፋን ኦሮሞው ገጽም ችግሩ አለ፣ መልኩ ይለያል እንጂ። በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ቁቤ አናባቢውንም ተነባቢውንም እየደገመ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፣ ዓምዱ ይጠብበዋል፣ መስመሩም ያለ ቦታው ይሰበራል። «መሬት» የሚለው ቃልና «ለስላሳ» የሚለው ቃል በቁቤ የሚለያዩት አናባቢዎቹ ነጠላ ወይም ድርብ በመሆናቸው ብቻ ነው። ነቀምት ላይ ተቀምጦ ስለ ፊደልና ስለ ሕትመት የሚያወራ ሰው ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብን ሳያነሣ ማለፍ ነውር ይሆንበታል። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ክሪሾና ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በኋላም እዚሁ ነቀምት መጥተው አስተምረዋል። ያን ያህል ገጽ ያለ ኮምፒውተር ከታተመ፣ እኛ አራት ገጽ ማንበብ ያቃተን በምን ምክንያት ነው ያሰኛል።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። ኮምፒውተር ምስል አዘጋጅቶ ወደ ስክሪን የሚልክበት ክፍል ግራፊክስ ይባላል፤ ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የራሱ ሜሞሪና የራሱ ማቀዝቀዣ ኖሮት ለብቻው የሚሰካው ካርድ ነው። ሁለተኛው አብሮ የተሠራው፣ ባለሙያዎች ኢንቴግሬትድ የሚሉት ነው። የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ቆንጥሮ ይጠቀማል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 810 በተባለው ቺፕሴት ውስጥ አስገባው (በዚያው ዓመት ነው ዩኒኮድም የግዕዝን ፊደል የተቀበለው፤ ለእኛ የበለጠ የጠቀመን የትኛው እንደሆነ ለሌላ ቀን ክርክር ይቆየን)። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንዲት ቺፕ ላይ መሠራት ጀመረ። ስለዚህ ካርድ ያልተሰካበት ኮምፒውተር «ግራፊክስ የለውም» የሚባለው ነገር ትክክል አይደለም። ስክሪኑ ላይ ምስል ከመጣ ግራፊክስ አለው።

አባባሉ የመጣው ከጌም ነው። ሱቅ ገብታችሁ ላፕቶፕ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ «ይሄኛው ግራፊክስ አለው፣ ያኛው የለውም» ነው። እሱ የሚያወራው ስለ እግር ኳስ ጌም ነው፤ እኛ ደግሞ ስለ ጋዜጣ የሚያወራ መስሎን ሰምተን እንወጣለን። ጌም ማለት በየሰከንዱ ስድሳ አዲስ ሥዕል መሳል ነው፤ ሣሩ፣ ጥላው፣ ተጫዋቹ ሁሉ በየቅጽበቱ ከዜሮ ይሰላል። ለዚያ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ደካማ ነው፣ አልከራከርም። የጋዜጣ ገጽ ግን አንዴ ከተሳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግራፊክሱ የሚቀረው ሥራ ያንኑ የተሳለ ሥዕል ከራም እያነበበ ወደ ሞኒተሩ መላክ ነው። ይህ ስንት ነው? 3840 በ2160 ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ነው። እያንዳንዱ 4 ባይት ቢይዝ ሙሉው ስክሪን 33 ሜጋ ባይት ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲነበብ 2 ጊጋ ባይት። አንዲት ዲዲአር3-1600 ራም በሰከንድ 12.8 ጊጋ ባይት ማስተላለፍ ስለምትችል፣ ይህ ሁሉ የአቅሟን አንድ ስድስተኛ አይሞላም።

ሒሳብ የማያሳምነው ሰው ኡኬ ይሂድ። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኡኬ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ፎቶ የሚያትሙ አንድ ሰው አሉ። ያላቸው ቁልፉ የተላላጠ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ግን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ባለ 43 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዟል፤ ደንበኛው ፎቶው ከመታተሙ በፊት እዚያ ላይ አይቶ ይመርጣል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጎራ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ላፕቶፕ ካርድ አለው እንዴ?» አልኳቸው።

«የስልክ ካርድ ነው? የባለ ስንት?» አሉኝ።

የግራፊክስ መሆኑን ሳስረዳቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ገመዱን ሰካሁት፣ አሳየኝ፤ ከዚህ በላይ ምን እጠይቀዋለሁ?» አሉ። አስፈቅጄ ሴቲንጉን ከፍቼ አየሁት፤ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 3840 በ2160። ማውሱ ትንሽ ይጎትታል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ፎቶው ግን የሙሽራዋ የቅንድብ ፀጉር ይቆጠርበታል።

ታዲያ የእኛ ላብ ውስጥ ሲሞከር ለምን እምቢ ይላል? ባለፈው ሴሚስተር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን አንድ የተዋስነውን የፎርኬ ሞኒተር ላብ ውስጥ ለመሞከር አንድ ከሰዓት ፈጅተናል። መጀመሪያ ያገኘነው ጥፋት ገመዱ ነው። ሁላችሁም የምታውቁት፣ ራሱ ሰማያዊ የሆነው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው ገመድ ቪጂኤ ይባላል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው፤ አብዛኞቻችን ሳንወለድ ማለት ነው። ምስሉን የሚልከው በአናሎግ ስለሆነ ገመዱ በረዘመ ቁጥር ፊደሉ ጥላ ያወጣል፤ ለፎርኬም አልተሠራም። ጎንበስ ብለን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስናይ ግን ከሰማያዊው ቀዳዳ አጠገብ አንድ ጥጉ የተቆረጠ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ዲስፕሌይፖርት ነው። አንዳንዱ ላይ ከፋብሪካ የመጣበት የላስቲክ ክዳን ገና አልወለቀም! ኮምፒውተሮቻችን አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ኮር አይ5 በዚህ ቀዳዳ በኩል ፎርኬን በሰከንድ 60 ጊዜ መላክ ይችላል። ስንት ዓመት ሙሉ በክዳን ተሸፍኖ የተቀመጠው ይሄ ነው። (ሴሌሮንና ፔንቲየም የተባሉት ዝቅ ያሉት ፕሮሰሰሮች ግን ከዚህ ሊያንሱ ስለሚችሉ ሞዴላቸውን ማየት ያስፈልጋል።)

ገመዱ ተቀይሮም ሞኒተሩ ደብዛዛ ሆነ። ጓደኛዬ «አየህ፣ ካርድ ይፈልጋል!» አለኝ። ሴቲንጉን ስናየው ሁለቱም ስክሪኖች በአንድ ላይ ተሰክተው ዱፕሊኬት ላይ ነው የተቀመጡት። ዱፕሊኬት ማለት ሁለቱም ስክሪን አንድ ነገር ያሳይ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ለማሳየት ደግሞ ትልቁ ወደ ትንሹ ልክ ይወርዳል። ፎርኬው 1366 በ768 የሆነውን ምስል ለጥጦ እያሳየን ነበር። ዊንዶውስ ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭነን ኤክስቴንድ ስንለው ሁለቱም በየልካቸው ሆኑ፤ መሣሪያዎቹ በትንሹ ስክሪን፣ ገጹ በትልቁ። እኔ በበኩሌ በየስብሰባው በፕሮጀክተር ላይ የምናየው የተንሻፈፈ ፊደል ግማሹ የዚህች ቁልፍ ጥፋት ይመስለኛል።

ሌላ አንድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሪዞሉሽኑ ዝርዝር 1024 በ768 ላይ ቆመና ከዚያ በላይ አልሄድም አለ። እሱ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንበት የግራፊክሱ ድራይቨር አልተጫነለትም። የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ኢንቴል መባሉ ቀርቶ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ተብሎ ተጽፏል። ይህች ጽሑፍ ስትታይ ካርድ ሳይሆን ድራይቨር ጎድሏል ማለት ነው። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል፤ ከሌለስ? እኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሦስት ወር! ስለዚህ የላቡ ድራይቨሮች በአንድ ፍላሽ ተቀድተው ቴክኒሻኑ ጋ መቀመጥ አለባቸው። ፍላሹ ደግሞ ዘፈን የማይጫንበት ይሁን።

የኡኬው ማውስ ለምን እንደሚጎትት እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ፎርኬን በሰከንድ 60 ጊዜ ለመላክ ፒክስሉ ብቻ በሰከንድ 12 ጊጋ ቢት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ግን ለምስል የሚሆን 8 ጊጋ ቢት ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ፎርኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ይልካል፤ ማውሱ የሚዘገየው ለዚህ ነው። በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ለ60 ይበቃል፤ ዲስፕሌይፖርት 1.2ም ይበቃል። የአሮጌ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 1.4 ነው። በ30 ጋዜጣ መሥራት ይቻላል፣ ሰው ይለምደዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ያሰለቻል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩት ርካሽ መቀየሪያዎችም ብዙዎቹ 30 ላይ ይቆማሉ። ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት ካለው ያለ ምንም መቀየሪያ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ዲስፕሌይፖርት መሄድ ነው።

ራምንም ሳልጠቅስ አልለፍ። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ከራም ስለሚበላ፣ 4 ጊጋ ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኢንዲዛይንና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ መታነቁ አይቀርም። ባለ 8 ጊጋ አንድ ዘንግ ከሚሰካ ደግሞ ባለ 4 ጊጋ ሁለት መሰካት ይሻላል፤ መተላለፊያው ሁለት መንገድ ስለሚሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው መሰኪያ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ባዶ ነው።

የብሮድካስት ልጆች ይህንን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። እውነት አላቸው፣ በከፊል። የፎርኬ ቪዲዮ ላይ ቀለም ለሚያስተካክል፣ በሦስት በአራት ንብርብር ኢፌክት ለሚጭን ሰው ካርድ ልዩነት ያመጣል። የዜና ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ የሚፈታና የሚጨምቅ ክፍል እዚያው ቺፕ ውስጥ አስገብቷል። የእኛ የሦስት ደቂቃ ዘገባ ደግሞ የሚተላለፈው በ1920 በ1080 ነው። ለእነሱ በአንዱ ዴስክቶፕ ላይ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከቻለ፣ አንድ ካርድ ቢሰካ አልቃወምም። የምቃወመው ለሁላችን የተገኘው ገንዘብ በሁለት ወይም በሦስት ውድ ኮምፒውተር ማለቁን ነው። ውድ ዕቃ በየመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚደርሰው እናውቃለን፦ ዳንቴል ይለብሳል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉ የያዘው ሰው መስክ ይወጣል። ሦስት ውድ ኮምፒውተር ለአንድ ሴክሽን ተማሪ ማለት ሦስት ሰው ሲሠራ ሌላው ከጀርባ ቆሞ ያያል ማለት ነው።

መብራትም አለ። ፊንጫ እዚሁ ወለጋ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኃይል ቢያመነጭም እኛ ጋ መብራት መጥፋቱ አልቀረም። ሲጠፋ የተጻፈውን ሴቭ ለማድረግ የሚተርፈን ጊዜ ዩፒኤሱ የሚሰጠን ብቻ ነው። ኮር አይ5-6500 የሚባለው ፕሮሰሰር ከነግራፊክሱ የተመደበለት 65 ዋት ነው። ከካርዶች መካከል አነስተኛ የሚባለው ጂቲኤክስ 1650 ለብቻው 75 ዋት ይወስዳል፤ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170። ካርዱ ገጽ ላይ ቁጭ ስንል ይህን ሁሉ አይበላም፣ ሥራ ሲበዛበት ነው። ቢሆንም ዩፒኤሱ ያው የድሮው ስለሆነ ጭነት መጨመር አያዋጣንም። ትልቅ ስክሪንም ከትንሹ የበለጠ እንደሚበላ አልክድም፤ ግን መብራት ሲጠፋ ስክሪኑን ማጥፋት ይቻላል፣ ኮምፒውተሩን ነው ማቆየት ያለብን።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ቡለቲኑ እስኪታተም ይቀየራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከነካርዱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስክሪኑም ከውጭ ነው የሚመጣው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ነገር ግን አንድ ስክሪን ከአንድ አዲስ ባለ ካርድ ኮምፒውተር ይረክሳል፤ ደግሞም አዲሱ ኮምፒውተር ቢገዛም ስክሪን ያው መገዛቱ አይቀርም። አለዚያ ያንን ሁሉ ካርድ ከ768 ፒክስል ጋር ልናገናኘው ነው።

ነቀምት ሱቆች ውስጥ ፎርኬ ሞኒተር ፈልጎ ማግኘት እንደ ቴሌቪዥኑ ቀላል አይደለም። ባለ 43 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን ቢገዛስ? እኔ እደግፋለሁ። ባለ 21.5 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆኑ አራት ሞኒተሮች ሁለት በሁለት ቢገጣጠሙ ልክ ያንን ያህል ቦታና ያንን ያህል ፒክስል ይሰጣሉ። ቁመቱ 21 ኢንች ስለሆነ የኤ3 ገጻችን በትክክለኛ መጠኑ ሙሉውን ይታያል፤ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ለመሣሪያዎቹም ቦታ ይተርፋል። ባለ 27 ኢንቹ ሞኒተር ላይ ግን ሁሉ ነገር እየደቀቀ ስለሚሄድ የዊንዶውሱን መጠን 150 በመቶ ማድረግ ግድ ይላል፤ ያኔ እንደ ፔጅሜከር ያሉ የድሮ ፕሮግራሞች ይደበዝዛሉ። የቴሌቪዥን ጣጣው ሌላ ነው፦ የምስሉን ዳር ይቆርጣል፣ ባለ ቀለም ፊደል ጠርዙን ያደበዝዛል። ሁለቱም የሚስተካከሉት ከራሱ ከቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ፒሲ የሚለውን በመምረጥ ነው፤ ይህ ምርጫ የሌለውን ባይገዙት ይሻላል። ከመግዛት በፊት የራሳችንን ላፕቶፕ ይዘን ሱቅ ሄደን «መረቁ» እና «መረቀ»ን በ10 ፖይንት፣ በቀይ ጽፈን ማየት ነው። ሻጩ ቢያኮርፍም።

የግዥው ፕሮፎርማ ገና አልተሰበሰበም አሉ። እንግዲያው ከዚያ በፊት ቴክኒሻኑና ሁለት ተማሪዎች ከየኮምፒውተሩ ጀርባ ተንበርክከው የትኛው ምን ቀዳዳ እንዳለው፣ ራሙ ስንት ዘንግ እንደሆነ፣ ድራይቨሩ ተጭኖ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ይመዝግቡ፤ እኔ ለመንበርከክ ፈቃደኛ ነኝ። የስክሪኑ ብዛት የሚወሰነው ከዚያ ወረቀት ነው። የገመዱ ስም ደግሞ ከነቁጥሩ ይጻፍ፦ «ዲስፕሌይፖርት 1.2፣ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ዲስፕሌይፖርት፣ 2 ሜትር»። ዝርዝሩ ላይ «የሞኒተር ኬብል» ተብሎ ብቻ ከሄደ ከገበያ የሚመጣልን ያው ሰማያዊው ነው።